ማንም ሲበቅል ያላየው ጥርስ

ለምወድሽም ለምፈራሽም እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ፣ ያ ጎንበስ ስትዪ ቀስፎ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽ ጋሼ ከመጋዙና ከመዶሻው ጋር እንደተስማማ አለ? እምዬስ ጉልበቷን ዛሬም በቅባት ታሻለች ወይስ ሰለቻት? ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጄ፣ የእኔው ጉልቤ፣ የጉንጩ እብጠት ጎደለለት? ሌሊት ይተኛል? እኔ ካንቺ ቁጣ በስተቀር ደኅና ነኝ።

እሁድ ዕለት ስልኩን ከዘጋሽብኝ ወዲህ ደጋግሜ ደውዬ አላነሳሽም። ስለዚህ ወረቀት ያዝኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ ይኸው ሁለቱንም አንድ ላይ ልኬልሻለሁ። ጎረቤታችሁ ሾፌሩ ነገ ስለሚነሳ ሐሙስ እጅሽ ይገባል። የጉልቤን ጥርስ ይነቅላል ያልሽኝ ጥርስ ነቃይ ደግሞ ገበያ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። በመሃል አንብበሽ፣ ተናደሽ፣ ደግሞ በርዶልሽ እንድታስቢበት ነው።

ከመነቀሉ በፊት ሐኪም ይየው ብልሽ፣ አራት ዓመት ሙሉ የልጁን አፍ ሳታዪ ዛሬ ስለ ጥርሱ ልታስተምሪኝ ነው ወይ አልሽኝ። እትዬ፣ ይህ ቃል አጥንቴ ድረስ ገባ። ውሸት ቢሆን ኖሮ እሰድብሽና ይወጣልኝ ነበር። ትኩሳት ሲይዘው አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ያደርሽው አንቺ ነሽ። የፊት ጥርሶቹ ሲነቃነቁ ያየሽው፣ ሲወልቁም በእጅሽ የተቀበልሽው አንቺ ነሽ። የዚያን ቀን በስልኩ ውስጥ አንቺን እማዬ ሲልሽ ሰማሁት። ስልኩን ስትሰጪው እኔን ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ግራ ገባው። በማግስቱ እቃ ሳጥብ እንባዬ ከሳሙናው ጋር ሲወርድ ዋለ። የምጽፍልሽ ግን ስለዚህ አይደለም፣ ስለ ጥርሱ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። የክሊኒኩን ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ጉጠቱንና ትንንሾቹን መስተዋቶች አጥቤ፣ በእንፋሎት ቀቅዬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። ስለ ጥርስ የማውቀው ከጉጠት ላይ የማጥበውን ደም ብቻ ነው። ሰኞ ዕለት ግን የጥርስ ሐኪሟ ለምሳ ስትወጣ በር ላይ ያዝኳትና፣ የልጄ ጥርስ ተቦርቡሯል፣ የወተት ጥርስ ስለሆነ ይነቀል እየተባለ ነው፣ ምን ይሻላል አልኳት። ዕድሜውን ጠየቀችኝ፣ ስምንት አልኳት። የትኛው ጥርስ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ አንቺ በነገርሽኝ መሠረት፣ ከታች በግራ ከሁሉም ኋላ ያለው አልኳት። ምሳዋን ትታ ተመለሰችና የአንድ ሕፃን ራጅ አውጥታ መስኮቱ ላይ ለጠፈችልኝ።

እትዬ፣ ብታዪው ትገረሚ ነበር። የልጅ መንጋጋ ለካ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው! የምናያቸው የወተት ጥርሶች ከውጭ ቆመዋል፤ ከሥራቸው፣ ድድ ውስጥ፣ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። የውስጠኛው ሲገፋ የወተቱን ጥርስ ሥር ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። የጉልቤ የፊት ጥርሶች ሥር አልባ ሆነው እጅሽ ላይ የወደቁት ለዚህ ነው። ከመሃል ጀምረሽ ወደ ኋላ ስትቆጥሪ በየጎኑ አምስት የወተት ጥርስ አለ፤ እነሱ ይተካሉ። ስድስተኛው ግን ማንንም አይተካም። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ከሁሉም ኋላ፣ ባዶ ድድ ላይ፣ ብቻውን ብቅ ይላል። የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ ማንም መብቀሉን ልብ አይልም። ሰው ሁሉ ድሮም የነበረ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። እሱ ግን የዕድሜ ልክ ጥርስ ነው፤ ከነቀሉት ሌላ አይመጣም።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። ያ ጥርስ ብቅ የሚለው በስድስት ዓመት ይሁን እንጂ መጠንከር የሚጀምረው ልጁ በሚወለድበት ሰሞን ነው። የጥርሱ አናት ልጁ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድድ ውስጥ ተሠርቶ ያልቃል። እንግዲህ አስቢው፤ እኔ ሳጠባው፣ ሳዝለው፣ ዳዴ ሲል እጁን ስይዘው፣ ያ ጥርስ ውስጥ ለውስጥ ሲሠራ ነበር። ሲወጣ ግን አልነበርኩም። አሁን ደግሞ ሳላየው ሊነቀል ነው፣ ይኸው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

የእኛ ቤት ሰው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚያኝከው እያሉ ጎረቤቶች ሲስቁብን ትዝ ይልሻል? አንቺና እምዬ በቀኝ፣ እኔ በግራ። በዘራችን የኋላ ጥርስ አይበረክትም፣ ከአያት የወረደ ነው ሲባል ሰምተን አደግን፤ እኛም አምነን ተቀመጥን። ሐኪሟን እስቲ የእኔንም እዪልኝ ብዬ ለመንኳት። በመስተዋቷ ገባ ብላ አየችና፣ በቀኝ በኩል ስድስተኛው የለም፣ በልጅነትሽ ተነቅሏል፣ የጎኑ ጥርሶችም ወደ ክፍተቱ ዘንበል ብለዋል አለችኝ። ያኔ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። እጀ ቀላል የምንለው የዚህ ነቃይ አባት፣ እምዬ ጉልበት ላይ አስተኝቶኝ፣ አይዞሽ የወተት ነው፣ ይበቅላል ብሎ ነው የነቀለኝ። ዘራችን ምንም አላደረገን እትዬ፤ የጨረሰን ጉጠት ነው።

ነቃዩ ክፉ ነው አልወጣኝም። እሱም አባቱ የነገረውን አምኖ ነው። አንቺም ልጁ ሲያለቅስ አንጀትሽ አልችል ብሎ ነው፣ አውቃለሁ። ብቻ ቅዳሜን አትጠብቂ። ጋሼ አንድ ቀን መዶሻውን ያሳርፍና ከተማው ሆስፒታል ጥርስ ክፍል ይውሰደው። ሐኪሟ ሳላየው ይድናል ብዬ አልምልልሽም፣ ካበጠ መቼም ቀላል አይደለም ብላኛለች። ቢሆንም አጽድተው ሊሞሉት የሚችሉት እዚያ ነው። እነሱም አይተው አይሆንም ካሉ እሺ እላለሁ።

አንዳንዴ፣ እኔ ለጉልቤ የወተት ጥርስ ነበርኩ እላለሁ፤ ለጊዜው አገለገልኩ፣ ከዚያ አንቺ መጥተሽ ተካሽኝ። አይከፋኝም ብልሽ ውሸት ነው። ቢሆንም የተካሽኝ አንቺ በመሆንሽ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። እዚህ ጋ ቀለሙ የፈሰሰው በእንባ ነው፣ ሻይ ደፋሽበት ብለሽ ደግሞ እንዳትቆጪኝ።

የእምዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ጋሼን እጅ ነስቻለሁ፤ የልጅ ጥርስ በክር አስሮ በር መወርወሩን ግን ይተውልኝ። ትንሿ ልጅሽ በሚመጣው ዓመት ስድስት ይሞላታል። አፏን እያየሽ ጠብቂ፤ የእሷ ሲወጣ እንኳ አንድ ሰው ይየው። ጉልቤን ያላበጠ ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ያበጠውን በእጅሽ ዳበስ አድርጊልኝ።

ደብዳቤውን ከማጠፍሽ በፊት አንድ ነገር ብቻ አድርጊ። ምላስሽን ከታች በግራ በኩል ወደ ኋላ ስደጂው። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ እዚያው አቁሚው። አንቺም ይበቅላል ተብለሽ ነበር።

ስልክሽን የምትጠብቅ እህትሽ

ከክሊኒኩ ጓሮ፣ ከእቃ ማጠቢያው ክፍል
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12