በመጥፎ ፊልም ያሳቁን የአቶ ግዛቸው ይርጉ የሕይወት ታሪክ

አቶ ግዛቸው ይርጉ ከአባታቸው ከአቶ ይርጉ መንገሻ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፌ ሁሴን በ1948 ዓ.ም. በደሴ ከተማ፣ ሸዋ በር በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። እናታቸው “ይሄ ልጅ እንደ ሰው አልቅሶ አልተወለደም፤ እያወራ ነው የመጣው” ይሉ እንደነበር ታላቅ እህታቸው ዛሬም ያስታውሳሉ። ትምህርታቸውንም በዚያው በደሴ ተከታትለው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀዋል።

በ1969 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው ሙሉጌታ ከቤት ተወስደው ሳይመለሱ ቀሩ። አቶ ግዛቸው ስለሌላው ነገር ሁሉ ሲያወሩ የኖሩ ሰው ቢሆኑም፣ ስለዚህ ነገር ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም።

በአንድ የመንግሥት እህል መጋዘን በጸሐፊነት ሲያገለግሉ ቆይተው፣ በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዙሌይካ ጦልሃ ጋር ትዳር መሠረቱ። እሳቸው ክርስቲያን፣ ባለቤታቸው ሙስሊም በመሆናቸው በሁለት ቢላዋ ታርዶ፣ በሁለት ድንኳን ተበልቶ፣ በአንድ ላይ ተጨፈረ። ልጃቸው ኤልያብ በ1981፣ ሀሴት ደግሞ በ1986 ዓ.ም. ተወለዱላቸው።

መንግሥት ሲለወጥ ከሥራ ስለተቀነሱ በሰፈራቸው ቪዲዮ ቤት ከፈቱ። የሚመጡት ፊልሞች ሕንድኛና ቻይንኛ ስለነበሩ፣ አቶ ግዛቸው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው ታሪኩን በአማርኛ ይተርኩ ነበር። ፊልሙ መጥፎ በሆነ ቀን ድምፁን ዘግተው የራሳቸውን ታሪክ ይፈጥሩለታል። የደሴ ሰው በር ላይ ቆሞ “ዛሬ መጥፎ ፊልም አለ ወይ?” ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ አለ ከተባለ ቦታ አይገኝም።

በ1994 ዓ.ም. የዲቪ ዕድል ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው ወደ ዳላስ መጡ፤ ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር አፓርታማ ተከራይተው ኑሮ ጀመሩ። ሥራ ያገኙት ካሮልተን በሚገኝ የዲቪዲ ማከፋፈያ ዌርሃውስ ውስጥ ነበር። ቋንቋው ስለማይሞላላቸው ሙሉ ሺፍታቸውን ሳይናገሩ ይውሉ ነበር። ቤት ሲገቡም ያው ነበር። ሀሴት ትምህርት ቤት ገብታ አማርኛዋ በየወሩ እየሳሳ ሄደ፤ አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር በምልክት ለመግባባት ምንም አልቀራቸውም። ወይዘሮ ዙሌይካ ያንን ዘመን ሲያነሱ “ባሌን ኤርፖርት ላይ ጥዬው የመጣሁ ነበር የሚመስለኝ” ይላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ጸደይ ላይ፣ ካርቶኑ ስለተጨፈለቀ ከሱቅ የተመለሰ አንድ የዲቪዲ ጥቅል አለቃቸው እንዲወስዱት ፈቀዱላቸው። ውስጡ የነበረው፣ የተረሱ መጥፎ ፊልሞችን እያሳዩ ከላይ ከላይ የሚያሾፉበት የኮሜዲ ፕሮግራም ነው። አቶ ግዛቸው ከፍተው ጥቂት ካዩ በኋላ ግራ ገባቸውና ልጃቸውን ጠሩ።

“እነዚህ ሰዎች ምንድን ነው የሚሉት?”

“ማለቴ… ፊልሙ ባድ ነው፣ ሶ እነሱ ያሾፋሉ” አለች ሀሴት።

“ይሄማ የእኔ ሥራ ነው!” ብለው ሳቁ። ያንን ሳቅ ከደሴ ወዲህ ሰምተውት የማያውቁት ወይዘሮ ዙሌይካ ከወጥ ቤት ሮጠው መጡ።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ጥቅሎችም ተከታተሉ። ሀሴት የእንግሊዝኛውን ቀልድ እንደምንም ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው የተሻለውን በአማርኛ ይመልሳሉ። የላስቲክ አውሬ ከባሕር ወጥቶ ጀርባው ላይ ዚፑ ሲታይ፣ “ሰው ከመብላቱ በፊት ዚፑን ይዝጋ፤ ብርድ ይመታዋል” ያሉት በሰፈሩ እስከ ዛሬ ይነገራል። እሑድ እሑድ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰብ ጀመር። ታክሲ የሚነዱት ወዳጃቸው አቶ ፈክረዲን ሥራቸውን አቋርጠው መኪናቸውን በር ላይ ፓርክ አድርገው ይገቡ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ሀሴት ወደ አማርኛዋ ተመለሰች፤ ወደ አባቷም እንዲሁ።

ድምፃቸው መሻከር የጀመረው በዚሁ ጊዜ ነው። የዌርሃውሱ አቧራ ነው እያሉ ከቤተሰባቸው ሸሽገው ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ነሐሴ ወር ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የተመደበው አስተርጓሚ ስላልመጣ፣ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ የነበረችው ሀሴት አስተረጎመች። ካንሰር የሚለውን ቃል መተርጎም አላስፈለጋትም። የቀረውን ግን ቃል አጥታለት ጉሮሮዋን በእጇ ይዛ ነገረቻቸው።

“አባዬ፣ የምታወራበትን… እሱን ሪሙቭ ያደርጉታል።”

“ሙሉውን?”

ሐኪሙን ጠየቀችና ተመለሰች። “ሙሉውን።”

“እምቢ ብሏል በዪው” አሏት። ይህንንም ተረጎመች።

እምቢታቸው እስከ ገና ዘለቀ። ቤተሰብ ለመነ፣ ካህን መጣ፣ የባለቤታቸው ወንድሞች መጡ። “ድምፄን ወስደው የሚተውት ሰውዬ ማን ነው? እኔ አላውቀውም” ይሉ ነበር። በመጨረሻ ወይዘሮ ዙሌይካ “አንተ ባታውቀው እኔ አውቀዋለሁ፤ እኔ አኖረዋለሁ” ሲሏቸው እሺ አሉ። የቀዶ ጥገናው ዋዜማ አቶ ፈክረዲን ካሜራ ይዘው መጡና፣ ድምፃቸው ለልጆቹ እንዲቀር አንድ ነገር እንዲናገሩ ጠየቋቸው። ቤቱን ሁሉ ሲያስቁ የኖሩት ሰው ካሜራው ፊት ቀልድ ጠፋባቸው። “ዙሌይካ። ኤልያብ። ሀሴት” አሉና አቆሙ። ያንን ቴፕ እስከ ዛሬ ለማየት የደፈረ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ጥር ቀዶ ጥገናው ተደረገ። አንገት ላይ ተደግፎ የሚያናግር መሣሪያ ተሰጥቷቸው ነበር፤ አንድ ጊዜ ሞክረው የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ ዳግም አልነኩትም። ወደ ሥራ መመለስ አልቻሉም። የእሑዱ እንግዳም ምን እንደሚል እየጨነቀው አንድ በአንድ ቀረ፤ ከአቶ ፈክረዲን በስተቀር። አቶ ግዛቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የሚውሉበት ብዙ ቀን ነበር፤ ይህንን መደበቅ እሳቸውን ማክበር አይሆንም።

በዚያ በጋ ሀሴት ራሷ አንድ ዲስክ ከፍታ፣ ድምፁን ዘግታ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመች። በተሰባበረ አማርኛ ማሾፍ ስትጀምር አባቷ መጀመሪያ ዞር ብለውም አላዩአት። ግሱን አበላሽታ “አውሬው ሴትየዋን በላች” ስትል ግን ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሀሴት የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች። እየሳቁ ነበር፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ። ከዚያ ወዲህ እሷ ታወራለች፣ እሳቸው ከቀዶ ጥገናው ወዲህ በሚግባቡባት ነጭ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ያርሟታል። ይህ ዓመት ተኩል ቆየ። በሽታውን ግን አላስቆመውም።

እ.ኤ.አ. በ2009 መስከረም ካንሰሩ ሳንባቸው ውስጥ ተገኘ። በቤታቸውና በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ ቅዳሜ ኅዳር 5 ቀን 2002 ዓ.ም. ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት በሃምሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። የመጨረሻዎቹ ቀናት ቀላል አልነበሩም፤ ትንፋሽ እያጠራቸው ብዙ ተሠቃይተዋል።

አቶ ግዛቸው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዙሌይካ ጦልሃ ጋር ሃያ ሦስት ዓመት በትዳር ኖረዋል። ዴንተን በዩኒቨርሲቲ የሚማረውን ኤልያብንና ሀሴትን፣ በደሴ የሚገኙ እህቶቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ይህን ጽሑፍ ቆማ የምታነብላችሁ ሀሴት ናት። ቤተሰቡ ሊያሳርፋት ፈልጎ ነበር። አባቷ ግን ከማረፋቸው በፊት በነበረው ሳምንት “እሷ ታንብበው። በአማርኛ” ብለው ጽፈው ነበርና፣ ቃላቸው ተከብሯል። ከተሳሳተችም ማንም አያርማት።

ፈጣሪ በዚህ ዓለም የተወሰደባቸውን ድምፅ በወዲያኛው ይመልስላቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ መካከል ያኑርልን፤ በየሃይማኖታችን ለምናለቅስ ሁላችን መጽናናቱን ይላክልን። አሜን።