የአባ ኮዳው ጸሎት

ኸዲጃዬ፣

የተፈጥሮ ጥበቃ ፌሎሺፑን ጀመርኩልሽ። ያን ሁሉ ዓመት የአካባቢ ሳይንስ ተምሬ፣ ሥራዬ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ወፍ መቁጠር ሆነ። አባ ኮዳ የሚሏቸው ረጃጅም ወፎች አሣ ገበያው በር ላይ እንደ ዕድር ዳኛ ኮታቸውን ደርበው ቆመው እኔኑ ይታዘባሉ።

ትናንት አከራዬ እትዬ ፅጌ ሥራዬን ሲጠይቁኝ “ወፍ እቆጥራለሁ” አልኳቸው።  እሳቸውም ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው፣ “ጌታ ሆይ፣ ለዚች ልጅ ደህና ሥራ ስጣት” ብለው ጸለዩልኝ። ደሴ ብሆን ዱዓ ይደረግልኝ ነበር፤ ያው ነው ብዬ አሜን አልኩ።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ፅጌ አሣ ሊገዙ ሲመጡ ወፎቹን እንዲያዩበት ባይኖኩላሬን ሰጠኋቸው። አንዱ አባ ኮዳ እግሩ በመረብ ክር ተተብትቦ ያነክሳል።

“ምን ይደረግለታል ታዲያ?” አሉ።

“ይዘን ክሩን እንፈታለታለን፤ ግን እስካሁን አልያዝ ብሎናል።”

ምሳ ቀርቦ ሲጸልዩ የእኔን ሥራ ረስተውታል፤ የለመኑት ለዚያ አንካሳ ወፍ ነው። የዛሬውን አሜን ከትናንቱ ጮክ አድርጌ አልኩት።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። አባቴ ሥራዬን ከጠየቀሽ ወፍ ትቆጥራለች በይው፤ ስቆ ሳይጨርስ የአንካሳውን ነገር ንገሪው።

ነጃት