ክዳኑ ላይ የቀረችው ቡሎን

ጥር 14፣ ረቡዕ

ውጪ ባደረው ባልዲ ላይ ስስ በረዶ ነበር። ግራይንደሩን ስይዝ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። ቢሆንም አራተኛውን በርሜል ጨረስኩ።

አሠራሩን ልጻፈው እስቲ፣ አንድ ቀን ብረሳው... ጎረቤቴ ሙኽታር፣ የቢራ ፋብሪካ በጨረታ ያስወገዳቸውን የድራፍት በርሜሎች ያመጣልኛል። መጀመሪያ ውስጡ የቀረውን ጋዝ አስወጣለሁ። ከዚያ አናቱን እቆርጥና ክዳን እሠራለታለሁ። ጠርዙ ላይ አየር የማያሳልፍ የላስቲክ ጎሚኒ፣ ዙሪያውን ስምንት ቡሎን። ከታች መቅጃ ቧንቧ። ክዳኑ መሃል ላይ ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ከሷ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ጠላው ሲፈላ ጋዙ በዚያ በኩል ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። አለቀ። የማይሰበር ጋን!

እማዬ ጠላ ሻጭ ናት፤ የመጀመሪያው በርሜል የሷ ነው። “ብረት ጢስ አይጠጣም” እያለች ሦስት ወር አስለፈለፈችኝ። ጋን በወይራ ሲታጠን ጢሱን ይይዛል፣ ብረቱ ግን ምንም አይዝም። እውነቷን ነው። አሁን በርሜሉን ትታ መቅጃ ማሰሮዋን ታጥናለች። ደንበኞቿ ልዩነቱን አላወቁም። ወይ አውቀው ዝም ብለዋል።

ሙኽታር ክዳኑን እያንኳኳ “የማልጠጣው ነገር እንዲህ ሲያምር ያናድዳል” አለኝ። የአልዩ አምባ ልጅ ነው፣ ብረት ነጋዴ፣ ሱቁ ከኔ ግድግዳ ለግድግዳ። ቀልዱ አያልቅም።

ማዶ ቁጭ የሚሉት ሰዎች ዛሬም “ሴት የበየደው” ብለው ሳቁ። ይሳቁ። ቢያንስ አያንጠባጥብም።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

አምስተኛውም ተሸጠ!

ሴትየዋ ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ ናት። ልጇን አርሴማን ልትድር፣ ሠርጉ ጥር 25፣ ትልቁ ጋኗ ተሰንጥቆባታል። “ድፍድፉ ደርሷል፣ መያዣ አጣሁለት” አለች። ማክሰኞ፣ በአስተርዮ ማርያም ዋዜማ ሞልታ ትከድነዋለች፤ ቅዳሜ ትከፍተዋለች።

ስትመጣ በርሜሉ ሙከራ ላይ ነበር። ሁሌም ከመሸጤ በፊት የጋዝ መውጫ ቀዳዳዋን ለሙከራ ብቻ በያዝኳት ቀይ ቡሎን እደፍንና በኮምፕሬሰር አየር እሞላዋለሁ፣ ከዚያ ዙሪያውን የሳሙና አረፋ እቀባለሁ። የሚያፈስ ከሆነ አረፋው ይነግረኛል። አላፈሰሰም። ያመጣት የአይሱዙ ሹፌር ጥሩምባውን ይነፋል፣ ሴትየዋ ትጣደፋለች...

“ይጠብቃል?”

“እናቴ፣ ትንፋሽ አያስወጣም!” ብዬ ጎረርኩ።

ሁለት ሰው ተሸክሞ አይሱዙው ላይ ጫነው። እንዴት ደስ አለኝ።

ጥር 18፣ እሁድ

ተኛሁ። እንደ ሰው።

ጥር 19፣ ሰኞ

ቀይዋ ቡሎን የለችም።

ስድስተኛውን በርሜል ልሞክር ስል አጣኋት። ጠረጴዛው ሥር፣ የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ፣ የቡሎን ጣሳ ውስጥ... ጣሳውን መሬት ላይ ደፋሁት። የለችም። ቀና ስል ምስማሩ ላይ ቱቦ ተንጠልጥሏል። የአምስተኛው ቱቦ።

እዚያው ቁጭ አልኩ።

ቡሎኗ ሴትየዋ ክዳን ላይ ናት። እኔ ራሴ ያጠበቅኳት። ሴትየዋ ጠላውን ትሞላለች፣ ስምንቱንም አጥብቃ ታስራለች። ጋዙ በየት ይወጣል? ጋን ቢሆን በምርጊቱም በገላውም ይተነፍሳል፤ ብረት አይተነፍስም። ቅዳሜ ደግሞ ክዳኑ ላይ ጎንበስ ብላ መፍታት ትጀምራለች። ፊቷ ከክዳኑ በላይ...

ስሟን አልጠየቅኩም። ስልኳን አልያዝኩም። የማውቀው የሙሽራዋን ስም ብቻ።

ምናልባት ምንም አይፈጠር ይሆን? ለማወቅ እማዬ ትናንት ከሞላችው በርሜል ላይ ቱቦውን ነቅዬ የኮምፕሬሰሩን የግፊት መለኪያ፣ ጌጁን፣ ገጠምኩበት። ምንም ጋዝ አይወጣም። “ሙከራ ነው፣ አትንኪው” አልኳት። ጌጁ ዜሮ ላይ ነው። እናያለን።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ጎረቤላ ሄጄ መጣሁ። በባዶ እጄ።

እውነቱን አልተናገርኩም። እንዴት ብዬ? የሠራሁት ዕቃ ሰው ሊጎዳ ይችላል ልበል? ይህ ወሬ ደብረ ብርሃን ቢደርስ አራቱም በርሜል በማግስቱ ይመለሳል። እነዚያም ማዶ ሆነው “አላልንም?” ይላሉ። ስለዚህ “የሙሽራዋ የአርሴማ ቤት የት ነው?” ብቻ እያልኩ ጠየቅኩ።

አጥር ጥግ የቆመች ነጠላ ያጣፋች ሴት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

“ምኗ ነሽ?”

“ምኗም አይደለሁም። የግል ጉዳይ ነው።”

“ሙሽራውን ታውቂዋለሽ?”

ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ምን ይባላል ታዲያ?

“ቁልቁል ነው” አለችኝ። “በአልዩ አምባ መንገድ፣ ወንዙን ተሻግረሽ።”

ሁለት ሰዓት ቁልቁል ወረድኩ። አርሴማ የምትባል ሙሽራ ያየም የሰማም የለም። ዳገቱን እያለከለክኩ ለመጨረሻው መኪና ስመለስ ነው ነገሩ የገባኝ። ከከተማ የመጣች ወጣት፣ የሠርግ ሳምንት፣ “የግል ጉዳይ”... ሠርግ ልታፈርስ የመጣች የሙሽራው የድሮ ወዳጅ መስያታለሁ! ብቻዬን መንገድ ላይ ሳቅኩ።

ከዚያ ሳቄ ቀረ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ዛሬ ትከድነዋለች።

ጌጁ፦ አንድ።

ጥር 21፣ ረቡዕ

አስተርዮ ማርያም። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ስብከቱ ግን ጆሮዬ አልገባም። ያ ሁሉ ሕዝብ ነጭ ለብሶ... ጎረቤላም ዛሬ እንዲሁ ተሰብስቦ ይሆናል። ዛሬ እዚያ መሆን ነበረብኝ።

ስመለስ እማዬ ጌጁ ፊት ቆማለች።

“ይሄ ሰዓት ጠዋት እዚህ ጋ ነበር። አሁን እዚህ ጋ ነው። ምንድን ነው?”

ጌጁ ሁለት ተኩል ደርሷል። ነገርኳት። ሁሉንም።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

“ትናንት እዚያ ደርሰሽ ዝም ብለሽ መጣሽ?”

“እማዬ፣ እንዴት ብዬ ልናገር?”

“አፍሽን ከፍተሽ።”

ቅዳሜ ነው የምትከፍተው፣ ገና ጊዜ አለ አልኳት። ነገ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ አልኳት። ፈሪ ነኝ። እዚህ ላይ እንኳ ልጻፈው፣ ፈሪ ነኝ።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ጌጁ አራት ሊሞላ ነው። የክዳኑ መሃል እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ወፍራም ነው ብዬ የኮራሁበት የሦስት ሚሊ ብረት!

ከሰዓት በኋላ እማዬን ጎረቤት ሰድጄ ሙኽታርን ጠራሁት። ሴትየዋ እንደምትከፍተው ልክፈተው አልኩ፣ ከቡሎኖቹ። መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቼ ከበሩ ጀርባ ሆኜ መፍታት ጀመርኩ። አንደኛው ተፈታ። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ የቀሩት ቡሎኖች ተበጠሱ...

ድምፁን መጻፍ አልችልም። ክዳኑ ተነስቶ ጣሪያ መታ። ቆርቆሮው ተቀዷል፣ በቀዳዳው ሰማይ ይታያል። ግድግዳው ሁሉ ጠላ። ጆሮዬ እስካሁን ይጮሃል።

ሙኽታር “ያ አላህ... ያ አላህ” ይላል ብቻ። ትንሽ ቆይቶ “እዚያ ቤት ስንት ሰው አለ?” አለኝ።

“ሠርግ ቤት ነው።”

ለጎረቤላ የመጨረሻው መኪና ሄዷል። ነገ በመጀመሪያው እንሄዳለን። “ግን ስሚ እናኒ፣” አለኝ፣ “እንደ ማክሰኞው በሹክሹክታ ከሆነ ወላሂ አልሄድም።”

ጥር 23፣ ዓርብ

ዛሬውኑ ልጻፈው።

ጎረቤላ ስንደርስ ሙኽታር ከአንድ የጫማ ነጋዴ ድምፅ ማጉያ ተዋሰ። ሰውየው “ቅናሽ! ቅናሽ!” ሲልበት የነበረውን። እጄ ላይ አስቀመጠልኝና ዞር አለ። መንገዱ መሃል ቆምኩ።

“እናናየሁ እባላለሁ። በያጅ ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን። ለአርሴማ ሠርግ የጠላ በርሜል የሠራሁት እኔ ነኝ። መተንፈሻውን ደፍኜ ሸጥኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። ሲከፈት ሰው ሊገድል ይችላል። ቤቱን አሳዩኝ።”

የገዛ ድምፄ ከማዶ ተመልሶ መጣብኝ። ከዚያ ሰው እየገፋች የማክሰኞዋ ሴት መጣች፣ ያቺው ባለነጠላዋ። ፊቷ አመድ መስሏል።

“እህቴ ናት” አለች። “አስካለማርያም እህቴ ናት! አሁን ልትቀምሰው ስትገባ ትቻት ነው የመጣሁት።”

ቅዳሜ አልነበር? ሮጥን። ቤቱ ማክሰኞ ከቆምኩበት አጥር ወዲያ ማዶ ነው። ከአጥሩ ማዶ! እጄን ብዘረጋ የምነካው።

ጓዳ ውስጥ አስካለማርያም በርሜሉን በጉልበቷ አቅፋ መፍቻ ይዛለች። ሁለቱን ፈትታለች፣ ሦስተኛው ላይ ናት። አጠገቧ ሁለት ሴቶች ጣሳ ይዘው ጎንበስ ብለው ያያሉ።

“ተይው! እጅሽን አንሺ!” እርስዎ ማለት ጠፋኝ።

ሁሉንም አስወጣሁ። ሙኽታር በሩ ላይ ቆሞ ሰው ከለከለ። የተፈቱትን ሁለቱን መልሼ ማጥበቅ ነበረብኝ... ያንን ያህል የፈራሁበት ጊዜ የለም። ከዚያ የራሰ ጋቢ ክዳኑ ላይ ደርቤ፣ ፊቴን አዙሬ፣ በእጄ ብቻ ቀይዋን ቡሎን ፈለግኩ። ትንሽ ዞረች። ፉጨት ጀመረ። ጠበቅኩ። እንደገና ትንሽ። ፉጨቱ ወፈረ፣ አረፋ በጋቢው ሥር እየፈለቀ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ሙኽታር ግማሽ ሰዓት ነው ይላል። “ማርያም፣ ማርያም” እያልኩ ነበር መሰለኝ።

ፉጨቱ ሲያልቅ ግማሹ ጠላ መሬት ላይ ነበር። የቀረው ከአተላው ጋር ተበጥብጦ ጭቃ ሆኗል። የሠርጉ ጠላ። ሁለት ቀን ሲቀረው።

አስካለማርያም ገብታ አየችው። እኔንም አየችኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

“ቡሎኗን ረሳሽ፣ እሺ። ሰው ይረሳል። ማክሰኞ ምላስሽን የት ረሳሽው?”



ጥር 24፣ ቅዳሜ

እማዬ ለገበያ ያዘጋጀችውን ጠላ ሁሉ ከጋኖቿ ወደ ጀሪካን ገለበጠች። ጎረቤላ ወሰድነው። የሰፈሩ ሴቶችም ከየቤታቸው እንስራ እንስራ አምጥተዋል። አስካለማርያም ከእማዬ ተቀበለች፣ ቀምሳ “ጥሩ ነው” አለቻት። ለእናቴ ነው ያለችው። እኔን ቁጭ በይም አላለችኝ፣ ሂጂም አላለችኝ። የተበላሸውን በርሜል ጭኜ ልመለስ ስል ባለነጠላዋ ከኋላ አግዛኝ ገፋች።

ጥር 28፣ ረቡዕ

ከእማዬ ሌላ ሦስቱ የገዙኝ ሴቶች ጋ ቤት ለቤት ዞርኩ። የሆነውን ነገርኳቸው፣ ክዳናቸውን በእጃቸው አስፈትሼ አሳየኋቸው። ሁሉም ደህና ነው። ሁለቱ ግን “ውሰጂልን” አሉ። አንዷ እያቅማማች አስቀረችው።

ማዶ ያሉትም ሰምተዋል። “አላልንም?” አሉ። አዎ፣ አላችሁ።

ጣሪያው ገና አልተደፈነም። ጠዋት ጠዋት በቀዳዳው ብርዱ ይገባል።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

አይሱዙ በራችን ላይ ቆመ። አስካለማርያም ወረደች።

“በርሜሌስ?” አለች።

አዲስ ክዳን ሠርቼለት ነበር፣ ወፍራም፣ በሁለት ቀዳዳ። ልትወስደው ትመጣለች ብዬ አይደለም፤ ዝም ብዬ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው። አወጣሁላት። ማብራራት ስጀምር አቋረጠችኝ።

“ቱቦውን ስጪኝ።”

አንዱን ጫፍ ቀዳዳው ላይ ራሷ ሰካችው፣ ሌላውን ለኔ ዘረጋችልኝ።

“ንፊ።”

ነፋሁ። በሌላኛው ቀዳዳ ላይ መዳፏን ዘርግታ ትንፋሹን ጠበቀች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

“ድገሚ።”

ደገምኩ። ማዶ ያሉት ሰዎች ያያሉ። ሙኽታር ከሱቁ ወጥቶ ያያል። ቱቦውን ወደ ሁለተኛው ቀዳዳ አዞረችና እንደገና አስነፋችኝ። ጉንጬ እስኪያመኝ ድረስ። ከዚያ እኔን ገፋ አድርጋ ራሷ ነፋች፣ የኔን መዳፍ ቀዳዳው ላይ አስቀምጣ። ትንፋሿ እጄ ላይ ሞቀኝ።

“ይተነፍሳል” አለች። ለኔ ሳይሆን ለሹፌሩ። “ጫንልኝ።”

“እትዬ አስካለማርያም...” ብዬ ጀመርኩ፤ ይቅርታውን ለመጨረስ። መኪናው ውስጥ ገባች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ “እህቴም አንድ ትፈልጋለች፣ ለፋሲካ” አለችኝ። “ስትመጣ እንዲሁ ንፊላት።”

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። በርሜሉን ግን ወሰደችው።