ያልገለበጥሁት ድምፅ

ለምወድህ ወንድሜ ለጥዑመ ልሳን፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤንነትህ እንዴት ነው? ባለፈው ስትደውል ጉሮሮህን ይዞህ የነበረው ጉንፋን ለቀቀህ ወይ? ሔራንስ አገሩን ለመደችው? ትንሿ ወንጌላዊት ጥርስ አወጣች? ጾሙን በሰው አገር እንዴት ይዛችሁታል? እኛ በአምላክ ቸርነት ደኅና ነን። አባባ ዝናብ ሲመጣ ጉልበታቸውን ይጠዘጥዛቸዋል እንጂ ሌላ ሕመም የለባቸውም፤ ኪዳን አንድ ቀን አያመልጣቸውም። ባለቤቴ ሕዝቅኤልም ደኅና ነው፤ ከጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ክረምቱ ቀድሞ ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት የጣና ማዶ አይታይም፤ የሹም አቦ መንገድም ጭቃ ሆኖ ቢሮ የምገባው ጫማዬን በፌስታል ይዤ ነው።

መደወል ስችል ለምን ደብዳቤ እንደጻፍሁልህ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ ቢሆን ግማሹን እውጠው ነበር። ደግሞም በእጅሽ ጻፊለት ያሉኝ አባባ ናቸው። የሥራ ባልደረባዬ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ለሥልጠና ወደ ኪጋሊ ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። አደራህን፣ እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትደውልልኝ።

ነገሩ ስለላክህልን ላፕቶፕ ነው። አባባ ይፋግ አጠገብ ቅኔ ያስቆጠሯቸውን የመምህራቸውን የየኔታ ገብረ ሕይወትን ቅኔ እያስታወሱ ሲነግሩኝ፣ እኔ በእሱ ላይ ስጽፍ ሦስተኛ ዓመታችንን እንደያዝን ታውቃለህ። ከሬጅስትራር ቢሮ እወጣለሁ፣ እጄን ታጥቤ እቀመጣለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከሦስት መቶ በላይ አድርሰናል። ታዲያ ከፋሲካ ወዲህ ላፕቶፑ ታመመ። ሁለት ቤት ብቻ ያለውን ጉባኤ ቃና እንኳ አያስጨርሰንም። የመጀመሪያውን ቤት ጽፌ ወደ ሁለተኛው ስሻገር ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና እንግሊዝኛ ይዘረግፍብናል፤ ከዚያ ራሱ ይጠፋል፣ ራሱ ይነሳል። አባባ የያዙት ቃል ይበተንባቸዋል። በጠፋ ቁጥር አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ «አይ፣ ጥዑሜ ቢኖር!»

ይህቺ ቃል እንዴት እንደምታቃጥለኝ ልነግርህ አልችልም። ጥዑሜ ባይኖርም እኔ አለሁ። ሦስት ዓመት ጀርባዬ እየነደደ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት የመጽሐፉን መግቢያ ሲያጽፉኝ «በልጄ በጥዑመ ልሳን ረዳትነት በኮምፒውተር ተጻፈ» በይ አሉኝ። ጻፍሁት። የእኔንም ስም ይጨምሩ ይሆናል ብዬ ጣቶቼን ሳላነሳ ጠበቅሁ። «ነጥብ አድርጊ» አሉኝ። ነጥብ አደረግሁ።

አንተም በግንቦት የደወልህ ዕለት የተናገርኸውን አትረሳውም። ስልኩን ድምፁን ከፍተነው አባባም ይሰሙ ነበር። «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ግን እትዬ፣ አንቺ እንዳትነኪው፣ ለሚያውቅ ሰው ስጪው» አልህ። አባባም ራሳቸውን እየነቀነቁ «አዎ፣ አትንኪው» አሉ። ያን ዕለት እነካዋለሁ አልሁ በልቤ።

እዚሁ ሰፈራችን ባምላክ የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ። ወስጄ አሳየሁት። ከፈተው፣ መረመረውና አንተ ያልኸውን አለ፤ ዕቃው ደኅና ነው፣ የታመመው ዊንዶውሱ ነው፣ ፎርማት ይደረግና ይጫንበት። «እዚህ ተይውና ከሰዓት ነይ» ሲለኝ፣ ራሴ ልሠራው እንደምፈልግ ነገርሁት። ትንሽ ፈገግ አለና ዊንዶውስ ያለበት ፍላሽ አዋሰኝ፤ ቅደም ተከተሉንም በወረቀት ጻፈልኝ። ከሁሉ በላይ አንድ መስመር በቀይ እስክሪብቶ አሰመረበት፦ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋልና የሚፈለገውን ሁሉ አስቀድመሽ ገልብጪ።

ቅዳሜ ሰኔ 14 ቀን አባባ ለማኅበር ወጥተው ሳለ ተቀመጥሁ። ቅኔውን በሌላ ፍላሽ አንድ ጊዜ ገለበጥሁ፤ አላመንሁትም፣ ደግሜ ገለበጥሁ። የሕዝቅኤልን ወረቀቶች ገለበጥሁ። ከዚያ ያንተ ስም ያለበት ፎልደር ቀረ። የምረቃህ ፎቶ፣ የሠርግህ ፎቶ፣ ደግሞ ያ ውዳሴ ማርያም።

እንደምታውቀው አባባ ቅዳሴ ወጥተው እሑድ እሑድ ይሰሙታል። አንተ በዐሥር ዓመትህ ውዳሴ ማርያምን በዜማ የጨረስህ ዕለት አባባ በቴፕ የቀዱት፣ ኋላ ካሴቱ ተበልቶ ሳያልቅ አንተ ወደ ኮምፒውተር ያዛወርኸው። «እናትዓለም፣ እስቲ ጥዑሜን ክፈቺልኝ» ይሉኛል። እከፍትላቸዋለሁ፣ ወዲያው ልብስ ላሰጣ ብዬ እወጣለሁ። የሚሰጣ ልብስ በሌለ ቀንም እወጣለሁ። ለምን ብትለኝ፣ ያንን ዜማ እኔም አውቀው ነበር። አንተን ሲያስጠኑህ እኔ ከጓዳ ዕቃ እያጠብሁ ካንተ በፊት ሸምድጄው ነበር። አንተ ስትስት እኔ ውስጥ ሆኜ በልቤ አርምህ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «አንቺስ?» ያለኝ የለም።

ረሳሁት ልበልህ? አልረሳሁትም። ፍላሹ ሞልቶ ነው ልበልህ? ለአባባ እንደዚያ ብያቸው ነበር፣ ውሸት ነው። ቦታ ነበረው። ማውሱን ስምህ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ፤ ከዚያ ፍላሹን ነቀልሁት። ኮምፒውተሩ ሁሉም ይደመሰሳል፣ ልቀጥል ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ቀጥል አልሁት። ጥዑሜ፣ እውነቱን ከጻፍሁ አይቀር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጭነቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። እየጠፋ እየተነሳ ሲመጣ ልቤ አብሮት ይወርድ ይወጣ ነበር። ሲጨርስ ስክሪኑ ወለል ብሎ እንደ አዲስ ሆነ። ደስታዬ ግን ቅኔውን ስከፍት ውኃ ሆነ፤ ከሀሌታው ሀ ጀምሮ ፊደሉ ሁሉ ጠፍቶ በእንግሊዝኛ ፊደልና በማይገባ ምልክት ተሞልቷል። ሦስት ዓመት! ወዲያው ለባምላክ ደወልሁ። ሳቀብኝ። «ጽሑፉ አለ፣ የግዕዝ ፊደሉ ነው ያልተጫነው» ብሎ እንዴት እንደምጭነው ነገረኝ። ስጭነውና ቅኔው መስመር በመስመር ሲመለስ ቆሜ አጨበጨብሁ፤ ያየኝ የለም እንጂ እብድ ይለኝ ነበር።

አባባ ሲመጡ አስቀምጬ አሳየኋቸው። ስድስት ቅኔ ነገሩኝ፣ ስድስቱን ጻፍሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም። ለቡራኬ እንደሚያደርጉት እጃቸውን አናቴ ላይ ጭነው «እናትዓለም አዳነችው» አሉ። ይህን ቃል ሠላሳ አራት ዓመት ጠብቄዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ ነው የቆየልኝ።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰው ነጠላቸውን አጣጥፈው ተቀመጡና «እስቲ ጥዑሜን ክፈቺልኝ» አሉኝ። ፍላሹ ሞልቶብኝ እንዳልገለበጥሁት ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልተቆጡም። «የጥዑሜስ ግድ የለም፤ እሱ በሕይወት አለ፣ ደውዬ እሰማዋለሁ። እናትሽን ከየት አመጣታለሁ?» አሉኝ።

አልገባኝም። ምን ማለትዎ ነው አልኋቸው። አዩኝ፣ የማላውቅ አልመሰላቸውም። ለካ ዜማው አልቆ ቴፑ ሳይጠፋ እማዬ ከጓዳ ትናገራለች። «እናትዓለም፣ ሳህኑን አታንኳኪ፣ ይሰማል» ትላለች። ከዚያ ሳቋን ትለቀዋለች፣ ከዚያ እልል ትላለች። እማዬ ካረፈች ወዲህ አባባ ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን ነበር የሚጠብቁት። እኔ ልብስ ላሰጣ ስወጣ እማዬ በስሜ ትጠራኝ ነበር። አንድ ቀን ተቀምጬ ብሰማው ኖሮ! ፎቶዋ ግድግዳው ላይ አለ፤ ካሴቱ ግን ተበልቶ አልቋል፣ ድምፅዋም ሌላ የትም የለንም።

ሰኞ ገና ሱቁ ሳይከፈት ባምላክ ደጃፍ ላይ ቆምሁ። ሲሰማ ደነገጠ፤ «ለምን ስትጽፊበት ዋልሽ? አዲስ የጻፍሽው ሁሉ በአሮጌው ላይ ይተኛበታል» ብሎ ወዲያው ላፕቶፑን ዘጋውና ተቀበለኝ። ሦስት ቀን የጠፋ ነገር በሚፈልግ ፕሮግራም ሲበረብረው ቆየ። ሐሙስ ሄድሁ። የሠርግህ ፎቶ አብዛኛው ተገኝቷል። ድምፁ ደግሞ የመጀመሪያው ሦስት ደቂቃ ወጣ፣ የቀረው የለም። ያንተ ዜማ ጥርት ብሎ ይሄድ ይሄድና ቃሉ መሐል ላይ ይቆረጣል። ላጠፋው የፈለግሁት ተረፈ፤ ጣቴን ቆርጬ የምሰጥበት ነው የጠፋው።

ያን ዕለት ለአባባ ሁሉንም ነገርኋቸው። ፍላሹ እንዳልሞላም ነገርኋቸው። «ቅናት ነው?» አሉኝ። አዎ አልሁ። የመግቢያውንም ነገር አወጣሁት፤ ሦስት ዓመት የጻፍሁትን እኔን ትተው ያንተን ስም እንዳስጻፉኝ። አባባ በጣም ገረማቸው። «ያንቺ እጅ የእኔ እጅ መስሎኝ ነዋ። ሰው የራሱን እጅ ያመሰግናል?» አሉኝ። «እጅም ይታመማል፣ አባባ» አልኋቸው። ማታ ራት ስናነሳ ነው «ለእኔ የነገርሽኝ ይበቃል፤ ለእሱ ደግሞ በእጅሽ ጻፊለት» ያሉኝ። መግቢያውን እስካሁን አላስተካከሉትም። እኔም አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ያደረግሁብህ ይህ ነው። ይቅር በለኝ። ይቅርታ ስጠይቅህ ግን ቅናቱ ወጥቶልኛል እንዳትል፣ አልወጣልኝም። አሁንም ስልክህ ሲጮህ አባባ እንደ ልጅ ብድግ ሲሉ ሳይ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ይቆማል። እዚህ ውኃ የምቀዳላቸው፣ ጉልበታቸውን የማሽላቸው እኔ፣ ናፍቆቱ ላንተ።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ያዛወርኸው ተማሪ ሳለህ በጓደኛህ ዕቃ ነበር። ምናልባት አንዱን ግልባጭ የትም ጥለኸው ይሆናል። አሮጌ ስልክህን፣ አሮጌ ፍላሾችህን፣ ኢሜይልህን ፈትሽ። ጓደኛህንም ጠይቀው። ባታገኘው አታጽናናኝ፤ ተቆጣኝ፣ ይሻለኛል። ብታገኘው ደግሞ የሚሆነውን አውቀዋለሁ፤ አባባ ለማኅበርተኞቻቸው ሁሉ «ጥዑሜ ከኪጋሊ አዳነልኝ» ይላሉ፣ እኔም ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ፣ እቀናለሁ። ከአሁኑ እየተሰማኝ ነው። ይሁን፣ ብቻ ላከው።

አባባ እግዚአብሔር ባለህበት ይጠብቅህ፣ ልጄን ወንጌላዊትን በዓይኔ ሳላያት አይውሰደኝ ብለዋል። ሕዝቅኤል በጣም ናፍቆሃል፤ ሰላም በይልኝ ብሏል። ለእህቴ ለሔራን የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ለልጅቷ ሹራብ እየሠራሁላት ነው፣ ልኳን ጻፊልኝ በላት። ወንጌላዊትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። አንተንም ተቆጥተህ ሳትጨርስ አልስምህምና፣ ስትጨርስ እኔም ስሜሃለሁ።

እህትህ እናትዓለም ወልደ ዮሐንስ
ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.