በሎሚ የታጠበው የሮም ሳንቲም

ሪችፊልድ፣ ሜይ 2006

ለውድ እታለም፤

ጤናሽ፣ ጥናትሽ፣ የጅማ ዝናብ ሁሉም እንዴት ይዘውሻል? እኔና እማዬ፣ ጌታ ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን።

ወንድማችን ፊልሞን ስልክ ለምን አያነሳም ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እማዬ ፈተናሽን እስክትጨርሺ ስለ እሱ አንድ ቃል እንዳልጽፍ ቃል አስገብታኛለች። ስለ ሳንቲም ግን አልከለከለችኝም።

ፊልሞን ቅዳሜ ቅዳሜ በረዶ ይጠርግላቸው የነበሩ፣ ሚስተር ሊብማን የሚባሉ አይሁዳዊ ሽማግሌ ሴንት ሉዊስ ፓርክ የሚባል ጎረቤት ከተማ ውስጥ አሉ። የጥንት ሳንቲም ይሰበስባሉ። ለቸርች ወጣቶች እንዲያሳይ አንድ ትልቅ የሮም ሳንቲም አውሰውት ነበር። ሮማውያን ኢየሩሳሌምን ካፈረሱ በኋላ የሠሩት ነው። በአንድ በኩል ቄሣሩ አለ፤ በሌላው በኩል ዘንባባ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ የምታለቅስ ሴት።

ባለፈው ሳምንት እማዬ የፊልሞንን ልብስ በሙሉ አጥባ ካርቶን ውስጥ ልትከት ስትል ሳንቲሙን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ አገኘችው። «የሰው ዕቃ እንዲህ ቆሽሾ አይመለስም» ብላ በሎሚና በጨው፣ አልበቃ ሲላት በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈተገችው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እንደ አዲስ ቁልፍ ያበራል።

ልንመልስ ሄድን። ሚስተር ሊብማን ሲያዩት ግድግዳ ያዙ። «የሁለት ሺህ ዓመት ቀለሙን በአንድ ከሰዓት! የጥንት ሳንቲም አይታጠብም!» ብለው ጮኹ።

እማዬ «ምን አሉ?» አለችኝ።

«በጣም አመሰገኑሽ።»

«ታዲያ ለምን ይጮኻሉ?»

«ደስ ሲላቸው ነው» አልኳት። እሷም ደስ ብሏት «ሌላም ካላቸው ያምጡ፣ አጥባለሁ በልልኝ» አለች። እሱን አልተረጎምኩም።

ቁጣቸው በረድ ሲል ፊልሞን ለምን አብሮን እንዳልመጣ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የነገርኳቸውን እዚህ አልጽፈውም።

እማዬ ሳንቲሙ ላይ ያለችውን ሴትዮ በጣቷ ነክታ ማን እንደሆነች አስጠየቀችኝ። «ይሁዳ ናት፤ ልጆቿ ያለቁባት አገር» አሉ።

«ለምን መሬት ላይ ተቀመጠች?»

«እኛ ሰው ሲሞትብን ሰባት ቀን ዝቅ ብለን እንቀመጣለን።»

«እኛም ፍራሽ እናነጥፋለን» አለች እማዬ። «እኔ ግን አልተቀመጥኩም በላቸው። ከሥራ ሦስት ቀን ሰጡኝ፤ እሱንም ወረቀት ስፈርም ጨረስኩት።» ይሄንን ቃል በቃል ተረጎምኩ።

ሚስተር ሊብማን የሶፋውን መቀመጫዎች አንድ በአንድ አውርደው ምንጣፉ ላይ ደረደሩና አስቀድመው እሳቸው ተቀመጡ። እማዬም ተቀመጠች። እታለም፣ እስከዚያ ቀን ድረስ አላለቀሰችም ነበር።

በኋላ እሳቸው መነሳት አቃታቸው። እኔ አንዱን ክንድ፣ እማዬ ሌላውን ይዘን ስንጎትት «ቀስ! እኔም ጥንታዊ ነኝ!» አሉ። ሳልተረጉምላት ሳቀች።

ባስ ውስጥ ሆነን እማዬ «ልጄም ብቻዋን አትስማ፤ ከሰው ጋር ትቀመጥ» አለች። ቤት እንደገባን እዚያው ጅማ ላሉት ለጋሼ ሆርዶፋ ደወለችላቸው። ይህ ፖስታ ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ ሲደርስሽ ፈተናሽ አልቋል። በዚያው ሰሞን አንድ ማለዳ ጋሼ ሆርዶፋ ከሁለት የቸርች ሽማግሌዎች ጋር በርሽን ያንኳኳሉ። አብራሽ የምትኖረው ሲምቦ የትም እንዳትሄድ ለምኛት። ሻይ ላፍላ ብለሽም አትነሺ።

ጌታ ጉልበት ይሁንሽ፤ እንባሽንም እሱ ይቁጠረው። እማዬ ጉንጭሽን ሁለቴ ስማለች፤ ሦስተኛው የእኔ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ