ሳይጠይቅ እንዲጠፋ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ቀኑን ሙሉ ሦስተኛ ፎቅ ካለው ፕሪንተር ጋር ስታገል ዋልኩ። ወረቀት ይበላል። ፈትቼ፣ ጠርጌ ስገጥመው መልሶ ይበላል። የኮሌጁ ጸሐፊ «እሱም እንደኛ ደሞዙ አልበቃው ብሎ ነው» አለችኝ። እንዲህ ካልሳቅን መቼም...

ቤት ስገባ ኮምፒውተሩ በርቶ ጠበቀኝ። ማንም አልተቀመጠበትም። ማራገቢያው እያጓራ ነው። «ሽማግሌው» ትለዋለች እህቴ። ኮሌጁ ሲጥለው አምጥቼ፣ ሊኑክስ የሚሉትን ነጻ ሶፍትዌር ጭኜ ነፍስ የዘራሁበት ነው። ላጠፋው ስል የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። የገዛ ዕቃዬን ለማጥፋት! ጻፍኩ፣ ተሳሳትኩ። ደግሜ ጻፍኩ። ቆሽቴ አረረ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ዛሬም በርቶ አገኘሁት። ተቆጣኋት።

«ስትጨርሺ ለምን አታጠፊውም?»

«የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል አምጪ ይለኛላ። አስተዳዳሪው አንተ። አልነገርከኝም እኮ፣ ጋሼ።»

እውነቷን ነው። ሁለታችንም የየራሳችን መግቢያ አለን፣ የኔን ጠዋት ከፍቼ እንዳለ ትቼው እወጣለሁ፤ የአስተዳዳሪው ቁልፍ ግን እኔ ጋ ብቻ ነው። እናታችን ስትሞት ይቺ ልጅ ገና ጥርሷን አልቀየረችም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የቤቱ ቁልፍ ሁሉ እኔ ጋ ነው። ልማድ ሆኖብኝ ይሆን?

«ቆይ ግን ለምንድነው የሚጠይቀው?»

«ለጉራ» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። «ባለቤቱን መስሎ ነዋ!»

እሑድ፣ ጥቅምት 10

የዕረፍት ቀኔን ሽማግሌው በላው። ሳይጠይቅ እንዲጠፋ ብዬ መጀመሪያ የጻፍኩት ፈቃድ በጥቁሩ መስኮት ትእዛዝ ስጽፍ ብቻ ነው የሠራው። በምናሌው ማጥፊያውን ስጫን አሁንም የይለፍ ቃል ይላል። ለካ ሁለቱ የሚጠይቁት በየራሳቸው በር ነው። ኢንተርኔት ላይ አንዱ የጻፈውን ደንብ አገኘሁ። ማጥፋት፣ ሌላ ሰው ገብቶ እያለ ማጥፋት፣ እንደገና ማስነሳት፣ ሌላ ሰው ገብቶ እያለ ማስነሳት... ሁሉንም «ፍቀድ» ብዬ ገለበጥኩት። ለሁለታችንም።

ሞከርነው። አንዴ ተጫነች፣ ድርግም አለ። አጨበጨበች። እኔም ደረቴን ነፋሁ፣ ምን ይደረግ።

ሻይ ይዘን አንድ ነገር አስተማርኳት። ከራስሽ ገጽ ጨርሰሽ አትውጪ፣ ሽማግሌው መልሶ እስኪያስገባሽ ያረጅብሻል። «ክፍት ትተሽው ወደኔ ገጽ ቀይሪ። ስትመለሺ እንዳለ ታገኚዋለሽ።»

«ልክ እንደ መቁረጫ ጠረጴዛዬ» አለች። በሰው ሱቅ ተቀጥራ የምትሠራ ልብስ ሰፊ አይደለች። ጨርቁን በመርፌ አያይዛ ትተወዋለች፤ ስትመለስ እንደነበረ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

እየሮጠች ገባች። ከሰው ሱቅ ልትወጣ ነው! ክሊኒኩ ለነርሶቹ በሙሉ የደንብ ልብስ ሊያሰፋ ነው። ዋናዋ ነርስ ሥራዋን አይታ ወዳታለች። ቅዳሜ ጠዋት ንድፉን ከትንሹ እስከ ትልቁ መጠን ይዛ ከቀረበች ሥራው የሷ ነው። የራሷ። የባለሱቋ ሳይሆን።

«በኮምፒውተር ነው የምሠራው፣ ጋሼ። በእጅ አልደርስም።»

ለነገና ለዓርብ ፈቃድ ወስዳለች። እኔ ነገ ሌላው ቅርንጫፍ ሄጄ አድራለሁ፣ ያሉት ፕሪንተሮች በሙሉ አድማ መትተዋል። «አይዞሽ» ብያት ተኛሁ። በልቤ ግን እኔም ጓጉቻለሁ። ይቺ ልጅ በራሷ ስም ሱቅ ስትከፍት ማየት...

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ሲመሽ ገባሁ፤ ጀርባዬ ተቆርጧል። ቤት ማንም የለም። ሽማግሌው ብቻውን ያጓራል። የኔ ገጽ ነው የሚታየው። በከንቱ እንደበራ ውሎ ነው ብዬ ተጫንኩት። ምንም ሳይጠይቀኝ ጠፋ! እሰይ። እሑዴን የበላው ነገር ካሰኝ።

በኋላ

ልጻፈው።

ከሱቅ የናሙናውን ጨርቅ ይዛ ተመለሰች። ጨርቁን ወንበር ላይ ጣል አድርጋ ከጠቆረው የኮምፒውተሩ መስታወት ፊት ቆመች።

«ጋሼ... አጠፋኸው?»

«አዎ፣ ማንም አልነበረበትም።»

«እኔ ነበርኩበት።»

ክው አልኩ። ከኔ ገጽ ሥር የሷ ገጽ ክፍት ነበር። የሁለት ቀን ሥራ። ትናንትም ሳታጠፋው ነው ያደረችው። ሴቭ አላደረገችም። ለምን ታድርግ? ክፍት ትተሽው ሂጂ፣ እንዳለ ታገኚዋለሽ ያልኳት እኔ አይደለሁ?

አስነሳሁት። ፈለግኩ። ፋይል ቆፈርኩ። መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠችው አንድ መጠን ብቻ ተገኘ። ሌላው የለም። እሷ ከኋላዬ ቆማለች፣ ትንፋሿ ይሰማኛል።

እና እኔ ምን አልኩ? ይቅርታ አልኩ? «አንቺም ሴቭ ማድረግ ነበረብሽ» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

«እውነትህን ነው፣ ጋሼ» አለች። ቀስ ብላ።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

በአንዷ መጠን ሄደች። ሌላ ልብስ ሰፊ ሁሉንም አሟልቶ መጥቷል። ነርሷ አዝናለች አሉ። «ለሚመጣው ዓመት እናይሻለን» አለቻት።

ይህን የነገረችኝ ጫማዋን እያወለቀች ነው። ፊቷን አላየሁትም። ሰኞ ወደ ባለሱቋ ትመለሳለች።

ከሰዓት ያንን የገለበጥኩትን ደንብ ከፍቼ አነበብኩት። አሁን ነው ያነበብኩት! «ሌላ ሰው ገብቶ እያለ።» በገዛ እጄ የጻፍኩት። ያ የሚያናድደኝ ጥያቄም ከላዩ ይኸው ተጽፎበት ነበር፣ ሌሎች ተጠቃሚዎች ገብተው እያለ ለማጥፋት ማረጋገጫ ያስፈልጋል ብሎ። እኔ «የይለፍ ቃል» የምትለዋን ብቻ ነው ሳይ የኖርኩት። ለጉራ አልነበረም። ብቻዬን ስሆንማ ጠይቆኝም አያውቅ። እህትህ ውስጥ ናት፣ እርግጠኛ ነህ? ነበር የሚለኝ። ያኔ የሷ ገጽ ላይ ዘፈን ብቻ ስለነበር ብናጠፋውም የጎደለ የለም። ለዚህ ነው የጠገብኩት።

ለምን ይጠይቃል ብላኝ ነበር እኮ። አንድ ደቂቃ አንብቤ ብመልስላት ምን ነበረበት?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ደንቡን አጠፋሁት። ከዚያ ሁለታችንንም አስገብቼ ሞከርኩ፤ ጠየቀኝ። እንዲህ የሚያስደስት ጥያቄ አላየሁም። በሯን አንኳኩቼ ነገርኳት።

«አሁን አንቺ ገብተሽ ከሆነ ይጠይቀኛል። የይለፍ ቃሉንም እንኪ፣ ያንቺም ይሁን።»

ቃሉን የጻፍኩባትን ወረቀት ተቀበለች። «እሺ፣ ጋሼ።»

ይቅርታም አልኳት። በሩ ላይ ቆሜ፣ እንደ ተማሪ። «ምንም አይደል፣ ሰው ይሳሳታል» አለች። ፈገግም አለች። ግን ያ ፈገግታ እንግዳ የሚሸኙበት ዓይነት ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 1

የምግብ ጠረጴዛው በወረቀት ተሸፍኗል። መሬት ላይ ተንበርክከን በላን። ቡናማ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ መርፌ። ለሚመጣው ዓመት ከአሁኑ ጀምራለች።

«በእጅ አልደርስም ብለሽ አልነበር?»

«ዓመት አለኝ እኮ።»

«ሽማግሌው ላይ በሳምንት ትጨርሺዋለሽ። እኔ አልነካውም። በእናታችን!»

መርፌ በከንፈሯ ይዛለች። አወጣቻት። «ይሄ ማጥፊያ የለውም» አለች። ቀልድ ነው። ሳቅኩ... ምን ላድርግ? ከዚያ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

እህቴ ደህና ናት። ትበላለች፣ ባለሱቋን እያስመሰለች ታስቀኛለች፣ ጋሼ ትለኛለች። የጎደለ ነገር አለ ብዬ ለሰው ባወራ ማን ያምነኛል?

ዛሬ ሽማግሌው ላይ የኮሌጁን ሪፖርት ጨረስኩ። መግቢያው ላይ ስሟ ከስሜ ሥር እንደተጻፈ ነው። እሷ ጠረጴዛው ላይ ናት፣ መቀሷ ቀጭ ቀጭ ይላል። ማጥፊያውን ከመጫኔ በፊት ዞሬ «ገብተሻል እንዴ?» አልኳት፤ ወረቀቱ ላይ አጎንብሳ እያየኋት። «አልገባሁም» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

እንደው ምናልባት ብዬ... እኔ ሳልኖር አንዴ ገብታ እንደሆነስ?

ተጫንኩ። የይለፍ ቃሉን ልጽፍ እጄን ፊደሎቹ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

ምንም ሳይጠይቀኝ ጠፋ።