የብሪንዲስ ኮርቻ

ፌብሩዋሪ 26፣ ሰኞ

በረዶው አልቀለጠም። ለፈረሶቹ ድርቆሽ ሰጠሁ፤ ሽማግሌው ግራጫ እንደ ልማዱ ሌሎቹን ገፍቶ በላ።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ብሪንዲስ ደወለች። ጀርመን ፈረስ መግራት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ። “አባዬ፣ ዛሬም ስለ ሕግ ስታወራ ነው የዋልከው?” የፈረስ ማኅበራችን ሊቀመንበር ከሆንኩ ወዲህ ቀልዷ ይኸው ነው። ባዝራዋ ደህና ናት አለች። ከዚህ ይዛት የሄደች ቀን እንዴት ነበር ያለቀሰችው… ከአይስላንድ የወጣ ፈረስ ተመልሶ አይገባም። ያገለገለ ኮርቻም፣ ልጓምም አይገባም። ፈረሶቻችን የውጭውን በሽታ አያውቁትማ።

ሳልጠግባት እናቷ ስልኩን ነጠቀችኝ።

ማርች 2፣ ቅዳሜ

ብሪንዲስ ሞተች። መኪናዋ በረዶ ላይ ተንሸራትቶ… ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር።

ማርች 10፣ እሁድ

ጀርመን። ብቻዬን ነው የመጣሁት። የሚስቴ የስቴይኑን ዳሌ መንገድ አይችልም፤ ከፈረስ ከወደቀች ወዲህ እንዲያ ናት። የልጄን አመድ በትንሽ ሣጥን አስረከቡኝ። እንዲህ ትቀልላለች?

ዛሬ ትሠራበት ወደነበረው ጋጣ ሄድኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ባዝራዋ ቀና ትላለች። “እኔው ጋ ትኑር፣ አልሸጣትም” አለኝ ባለቤቱ። አመሰገንኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ለስቴይኑን ደወልኩ።

“ፈረሷ እንደማትመጣ አውቃለሁ” አለች። “ኮርቻዋን ግን አምጣልኝ።”

“አይገባም እኮ።”

“በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ቶርጊልስ። ማን ይፈትሽሃል? ሽማግሌ ሰው፣ ያውም ሐዘንተኛ!”

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም።

ማርች 12፣ ማክሰኞ

ኮርቻውን ጠቀለልኩት። ሣጥኑን አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ጭኔ ላይ ይዤው ነበር።

አገራችን ገባን። የአውሮፕላን ማረፊያው መውጫ ላይ ሁለት በር አለ፤ ቀዩ የሚያስመዘግቡት ዕቃ ላላቸው፣ አረንጓዴው ለሌላቸው። ሰው ሁሉ ወደ አረንጓዴው ይጎርፋል። እኔ ቆምኩ። የሳሉ ዓመት ትዝ አለኝ። ከውጭ ገባ የተባለ በሽታ የአገሩን ፈረስ ሁሉ ሲያስለው፣ ብሪንዲስ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የሞተ ውርንጭላ ታቅፋ “ይሄን ያመጣብን ማነው?” እያለች አለቀሰች። ያን ያለችውን ልጅ ኮርቻ ደብቄ እኔ…

በቀዩ ገባሁ።

የጉምሩክ ሠራተኛዋ ወጣት ናት። “ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?”

“ልጄ ናት።” ወረቀቱን ሰጠኋት። አንብባ አቀረቀረች።

“እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይሄስ ጥቅል?”

“ኮርቻዋ።”

“የውርስ ዕቃ ነዋ። ቀረጥ የለበትም፣ ይለፉ።”

ሕጉን ረስታው ይሆን? ወይስ አዝናልኝ? ማለፍ እችል ነበር። ሁለት እርምጃ ነው።

“ያገለገለ ነው” አልኳት። “መውረስ አለብሽ።”

“እርግጠኛ ነዎት፣ አባባ?”

“አዎ።”

መዘገበችው። ይቃጠላል አለችኝ፣ እንደማላውቅ። ብርድ ልብሱንም አስቀረችው።

ማርች 13፣ ረቡዕ

ስቴይኑን ሣጥኑን ተቀብላኝ ሳመችው። ከዚያ መኪናው ውስጥ አየች።

“ኮርቻውስ?”

“ወሰዱት።”

“ፈተሹህ?”

“አልፈተሹኝም። ራሴ ነኝ የተናገርኩት።”

የመኪናውን በር ዘጋች። “ልጅህን ለሕግህ…” ብላ ንግግሯን ተወችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አፕሪል 6፣ ቅዳሜ

የደረቀ ዓሣና ቅቤ ታቀርብና ወደ ክፍሏ ትገባለች። ልክ ነኝ። ልክ መሆን እንዲህ ይበርዳል እንዴ?

ሜይ 19፣ እሁድ

ዛሬ የኮርቻውን ነገር ራሷ ጀመረችው። “ለማስታወሻ የፈለግሁት መስሎህ ነው?”

ለካ ብሪንዲስ በጋውን እናቷን ጀርመን ወስዳ በዚያ ኮርቻ ልታስጋልባት ነበር። “‘እማዬ፣ የኔ ኮርቻ እንደ ወንበር ነው፣ አትወድቂም’ ትለኝ ነበር። እኔም አመንኳት። አመዷን ፈረሶቻችን የሚግጡበት ተራራ ላይ ላደርስ ያሰብኩት በሱ ላይ ተቀምጬ ነው።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ብነግርህ ኖሮ በሌላ በር ትወጣ ነበር?”

ወደ ፈረሶቹ ወጣሁ።

ጁን 8፣ ቅዳሜ

አመዷን የምንበትንበት ፈቃድ መጣ። ፈረሶቹ በጋውን የሚግጡበት ተራራ አናት ላይ። ግራጫውን በእኔ ኮርቻ ጫንኩላት። እጇን አስደግፋበት ቆመችና “አልችልም፣ እፈራለሁ” አለች። በእግር ጀመርን። እስከ አጥሩ በር ደረሰች፤ ከዚያ ዳሌዋ እምቢ አላት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሣጥኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ብዙ ቆየች። ሰጠችኝ።

ብቻዬን ወጣሁ። ነፋስ ነበር። እፍኝ፣ እፍኝ እያደረግሁ በተንኳት። ወደ ታች ሳይ ስቴይኑን ከድንጋዩ አትለይም። ከዚያ ሆና ምን ይታያታል?

ስወርድ “ንገረኝ” አለችኝ። “እንዴት ሄደች?”

“ነፋሱ ወሰዳት” ብቻ አልኳት። እናት የልጇን ሽኝት በሰው አፍ ትሰማለች?

ሕጉ ልክ ነው። ዛሬም ልክ ነው። ነገም ማኅበሩ ፊት እንዲያ ብዬ እናገራለሁ። እዚህ ግን ማንም አያነብብኝም… ያ ቀን ቢመለስልኝ በአረንጓዴው እወጣ ነበር።